የመምህርት ወርቅአፈራሁ ጆንያ

የደባርቁ ሚኒባስ እስኪሞላ ጎንደር አራዳ ላይ አርባ ደቂቃ ያህል ቁጭ ብለን ነበር። መስኮቱ ሥር፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ግን መዘግየቱ የጠቀማት ትመስላለች። ጉልበቷ ላይ ታጥቦ የነጣ የማዳበሪያ ጆንያ ዘርግታ፣ የማርከሩን ክዳን በጥርሷ ይዛ፣ በማስመሪያ ሣጥን ትሥላለች። ሣጥን ከሣጥን በታች፣ ሣጥን ከሣጥን ጎን። ረዳቱ «ዳባት፣ ደባርቅ! የቀረው ሁለት ሰው!» እያለ የመኪናውን ጎን ሲደበድበው መስመሩ ተንጋደደባት።

«ኧረ ቀስ በል የኔ ወንድም፣ ክሮሞዞሜን አጣመምክብኝ!» አለችው።

«ይቅርታ እትዬ፣ ዕቃ እንዳለዎት አላየሁም» አላት ከልቡ።

ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነልኝም። ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት። «የልጆች ጨዋታ ነው። አሮጌው ጆንያ ሰው ቤት ቀርቶብኝ ሌላ ልሥራ ብዬ ነው» አለች። ሰው ቤት እንዴት እንደቀረ ስጠይቃት ማርከሩን ከደነችና ጆንያውን አጠፈችው። ከጎንደር ኮሶዬ ያለው መንገድ ለታሪኩ በልኩ የተሠራ ይመስል ነበር።

ወርቅአፈራሁ ትባላለች፤ ቁስቋም ተወልዳ ያደገች የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። አባቷ አራዳ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ ዕድሜውን የገፋ ሰው ነው። ደንበኛ በሌለ ሰዓት የቆየ ጋዜጣ መኪናው ላይ ዘርግቶ የመስቀለኛ ቃላት ይሞላ ነበር። ሁሉንም ሞልቶ ሲያበቃ አንዲቱን ቃል ይተዋታል። «ይቺ ያንቺ ናት» ብሎ እርሳሱን ለልጁ ያቀብላታል። ቃሉ አልመጣላት ሲል አባቷ እያወቀው አይነግራትም። ሦስት ቀን የፈጀችባት ቃል አለች። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ መጣላት፣ ደብተሯን ጥላ እየሮጠች አራዳ ደረሰች፤ አባቷም የደንበኛ ሱሪ እየለካ «ቆይ፣ አትንገሪኝ፣ ጻፊው» አላት። አስተማሪ ያደረገኝ ያ ቀን ነው ትላለች፤ የዲግሪዋ ወረቀት ላይ ግን ዩኒቨርሲቲ ነው የሚለው።

ከኮሶዬ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ስታስተምር ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ሰኞ ትወጣለች፣ ዓርብ ትመለሳለች። በመጀመሪያው ዓመት ስለ ዘር ውርስ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ልጆቹ ጭጋጉ በመስኮት እየገባ፣ ጋቢ ለብሰው፣ የነገረቻቸውን ሁሉ ቃል በቃል ይጽፋሉ። ፈተና ስትሰጣቸው ቃል በቃል ይመልሳሉ። «አሊል ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ በአማርኛ ስትጠይቃቸው ግን ስድሳ ሁለት ልጅ ጫማውን ያያል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ነው፣ ቃሉ ደግሞ አፍ ውስጥ እንደ ጠጠር ይንከባለላል።

ያኔ የአባቷ ጋዜጣ ትዝ አላት። ከአንድ ገበሬ የማዳበሪያ ጆንያ ለምና አጠበችው፤ ሣጥኖቹን በወፍራም ማርከር ሣለችና ግድግዳ ላይ ቸነከረችው። ፍንጩን በአማርኛ ታነባለች፣ መልሱ በእንግሊዝኛ ፊደል በከሰል ይጻፋል፤ ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

«ወደ ጎን አንድ! ክሮሞዞም ላይ ተደርድሮ ባህርይ የሚያስተላልፍ፤ አራት ሣጥን!»

«ጂን!»

«ወደ ታች ሁለት! ጓደኛውን ሸፍኖ እሱ ብቻ የሚታይ!»

«ዶሚናንት! ቲቸር፣ የኋላ ወንበር ማለት ነው!»

«የኋላ ወንበርማ በጩኸት ብቻ ነው ዶሚናንት የሆነ» ይላሉ ከፊት ያሉት።

አንድ ደንብ አላት። የሳምንቱ አሸናፊ ዓርብ ዕለት ጆንያውን ጠቅልሎ ቤቱ ይወስዳል፤ ቅዳሜና እሁድ ከቤተሰቡ ጋር ይጫወትበታል፤ ሰኞ ይመልሳል። ጆንያው አንዳንዴ ጭስ ጭስ፣ አንዳንዴ በግ በግ እየሸተተ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ሣጥኖቹ ውስጥ ሁሉ የአንድ ሕፃን የእጅ አሻራ በከሰል ታትሞበት መጣ፤ ወርቅአፈራሁ ያንን ቶሎ ለመጥረግ እጇ እምቢ አላት።

አበቡ የፊተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቆዳዋም ጸጉሯም ነጭ ነው፤ ዐይኗ ፀሐይ አይችልም። ሐኪም አልቢኖ ይለዋል፣ የመንደሩ ልጆች «ነጯ» ይሏታል። ከፊት ተቀምጣም በጠመኔ የተጻፈ አይታያትም። ነጭ ጆንያ ላይ በወፍራም ጥቁር ማርከር የተጻፈውን ግን ከነሰረዙ ታነበዋለች። እሷ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ጆንያው ሲሰቀል ብድግ ብላ «ቲቸር፣ አየሁት!» ያለችው ድምፅ እስከ ዛሬ ወርቅአፈራሁ ጆሮ ውስጥ አለ።

ልጅቱ የምትኖረው ከእናቷ ከዝናሽና ከእናቷ አባት ከአያ ባፈና ጋር ነው። አባቷ አለበል እሷ በተወለደች በሳምንቱ ጋቢውን አንሥቶ ከቤት ወጣ። ልጅቱ የኔ አይደለችም አላለም፤ የኔ ናትም አላለም። ከሸለቆው ማዶ ከአጎቱ ከአያ መለሰ ግቢ ገብቶ ተቀመጠ፤ ሌላ ሚስት አላገባ፣ ዝናሽን አልፈታ፣ አሥራ ሰባት ዓመት እንደዚያው። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ልጅቱ «አበቡ ባፈና» ተብላ ነው የተጻፈችው።

«አባትሽን ታውቂዋለሽ?» ብላ ወርቅአፈራሁ አንድ ቀን ጠይቃት ነበር።

«ማዶ ሲያርስ እናቴ በጣቷ ታሳየኛለች» አለች አበቡ። «አንድ ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ዐይኔ ከዚያ አያልፍም።»

ነገሩ የመጣው ስለ ተሸካሚና ስለ ስውር ባህርይ በተማሩበት ሳምንት ነው። ወርቅአፈራሁ ጆንያው ላይ ሁለት ቃል አቋርጣ ሣለች። ወደ ታች ሰባት ሣጥን፦ ባህርይውን ተሸክሞ በራሱ ላይ የማያሳይ ሰው። ወደ ጎን ዘጠኝ ሣጥን፦ ከአባትም ከእናትም ካልመጣ የማይታይ። ካሪየርና ሪሴሲቭ። ወደ ታች የሚወርደው ቃል አራተኛው ሣጥኑ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን የሚሄደው ከዚያው ይነሣል፤ ሁለቱ አንዲት ፊደል ይጋራሉ።

አበቡ ሁለቱንም ሞላች። ከሰሉን እንደያዘች ግን ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም።

«ቲቸር፣ ከሁለቱም ነው ያልሽው?»

«ከሁለቱም።»

«ከእናት ብቻ ቢመጣስ?»

«ከእናት ብቻ ከሆነ አይታይም፤ ተሸክማው ትኖራለች እንጂ።»

«እንግዲያ የኔ ከሁለቱም ነው የመጣው» አለች አበቡ፤ ለማንም አልነበረም የምትናገረው። ከሰሉን አስቀምጣ ቦታዋ ተቀመጠች።

ዓርብ ጆንያው የእሷ ሆነ። ወርቅአፈራሁ ከቢሮው ደጃፍ ቆማ ስታያት ልጅቱ ጆንያውን በብብቷ ይዛ፣ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ስባ፣ ወደ አያቷ ቤት በሚወስደው መንገድ ፈንታ ወደ ሸለቆው ቁልቁል ያዘች። ወዴት እንደምትሄድ ገባት። ልትጠራት አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። «ልጥራት አልጥራት ስል መንገዱ ዋጣት» ነው ያለችኝ። «ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት ያችን ደቂቃ ጎተትኳት።»

ሰኞ አበቡ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ጋቢ ያጣፉ ሽማግሌ አንድ እጃቸው ከዘራ፣ አንድ እጃቸው የተጠቀለለ ጆንያ ይዘው የመምህራን ማረፊያ ደጃፍ ቆሙ። አያ መለሰ ነበሩ፤ በዚያ አካባቢ ጋብቻ ሊሆን ሲል ዘር የሚያስቆጥሯቸው ሰው።

«ይህን የሣልሽው አንቺ ነሽ የኔ ልጅ?»

«እኔ ነኝ አያ።»

«ዘር መቁጠር ከማን ተማርሽ?»

«ዘር አልቆጠርኩም፤ ቃላት ነው፣ የልጆች ጨዋታ።»

«ምነው ትሸሺኛለሽ?» ጆንያውን መሬት ላይ ዘረጉትና በከዘራቸው ጫፍ ይነኩት ጀመር። «ማንበብ ባልችል መቁጠር ያቅተኛል? ይኸው አንዱ ወገን ሰባት ቤት ወርዷል። ይኸው ሌላው ወገን ከጎን መጥቶ አራተኛው ቤት ላይ ገጥሞታል። ልጅቱም ራሷ ቆማ ‹ከሁለቱም ወገን ነው› ብላ አነበበችልን። ያለበልና የዝናሽ ዘር አራተኛው ቤት ላይ ይገናኛል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ጋብቻውም ጋብቻ አልነበረ፤ ዘመዱን ነው ያገባ።»

ወርቅአፈራሁ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። የሽማግሌውን ፊት ስታይ ተወችው። እሷ የጎንደር ልጅ ብትሆንም ሰባት ቤት ሳይርቁ መጋባት በዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ልጅቱ ሸለቆውን የተሻገረችው «የሁለታችሁም ነኝ» ልትል ነበር፤ እነሱ የሰሙት «ሁለታችሁ ዘመዳሞች ናችሁ» የሚል ነው።

«አያ መለሰ፣ በግ አለዎት?»

«ምን ጥያቄ ነው? አለኝ እንጂ።»

«ነጭ አውራና ነጭ እናት በግ ጥቁር ግልገል ወልደውብዎት አያውቁም?»

«አዎ፣ ይወልዳሉ።»

«እናቲቱ ሌላ ጋ ሄዳ ነው ብለው አረዷት?»

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ብለው ተዉት። «በግና ሰው አንድ ነው?»

«በዚህስ አንድ ነው። ጥቁሩ በሁለቱም ደም ውስጥ ተደብቆ ነበር። አውራው ካንድ ገበያ፣ እናቲቱ ከሌላ ገበያ ቢመጡም ይሆናል። ከሁለቱም መጣ ማለት ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም።»

አያ መለሰ ጆንያውን መልሰው ጠቀለሉትና ሰጧት። «ሸጋ ተናጋሪ ነሽ» አሉ። «እኔ ግን የማውቀው መቁጠር ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ሥር እንቆጥራለን፤ ነይ። ካልገጠመ አንቺ ረታሽኝ።»

«ከገጠመስ?»

«ከገጠመ አለበል ይህን አገር ጥሎ ይሄዳል። ቁርጡን ነግሮኛል።»

ያን ሳምንት ወርቅአፈራሁ ወደ ጎንደር አልወረደችም። እሁድ ስትደርስ ደጀ ሰላሙ ሥር አንድ ሰባት ስምንት ሰው ተቀምጧል። አያ ባፈና በአንድ ወገን፣ አያ መለሰ በሌላ ወገን። ዝናሽ ከሴቶቹ ጋር ግንቡን ተደግፋ ቆማለች፤ አበቡ ከእናቷ ኋላ ጥላው ውስጥ ነች። አለበል አሮጌ ባርኔጣ አድርጎ ራቅ ብሎ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ መሬቱን ብቻ ያያል።

«ጆንያውን አምጪው» አሏት አያ መለሰ። «ሣጥኑ ጥሩ ነው። በሱ እንቁጠር።»

ወርቅአፈራሁ ከሰል ይዛ ጉልበቷን ተከለች። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ሣጥን ልትጽፍ ነው፤ ሁለቱ መስመር አንድ ስም ላይ ከተገናኘ ያበቃል። የደብሩ ቄስ ሁለቱን ሽማግሎች አስማሉ። የዚያ አገር ዘር ቆጣሪ ስም አይዘልም፤ ጠላቱ ይሁን፣ ሌባ ይሁን፣ የሚያፍርበት ይሁን፣ የተወለደን ሁሉ ከነወንድም ከነእኅቱ ይጠራል። የዘለለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይጠራም።

አያ ባፈና የዝናሽን ወገን ቀድመው እስከ ሰባት ወረዱ። ከዚያ አያ መለሰ ከዘራቸውን ተክለው ጀመሩ። «አለበልን ክብረት ወለደው፤ የኔ ወንድም ነው። ክብረትንና እኔን ይባረክ ወለደን። ይባረክን ሰውአገኝ ወለደው፣ ከሦስት ወንድሞቹ ጋራ። ሰውአገኝን ወንዴ ወለደው…» አራተኛው ሣጥን ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

ወርቅአፈራሁ ከሰሉን እንደያዘች ቀና አለች። «ገጠመ እንዴ?» አለ አንድ ሰው። አያ ባፈና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸው ወገን ወንዴ የሚባል አልነበረም።

«ወንዴ ሰውአገኝን ወለደ» አሉ አያ መለሰ ድምፃቸው ወርዶ። «ደግሞ… ደግሞ ሴት ልጅ ወለደ። ኋላ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል የተባለችውን። ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ በጎጆ ትኖር ነበር፤ ፀሐይ ሳይጠልቅ አትወጣም። ልጅ ሆኜ ውኃ አቀብላት ነበር።» ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙት። «ጸጉሯ እንደ ጥጥ ነጭ ነበር። እንደዚች ልጅ።»

አለበል ከድንጋዩ ተነሣ።

«አያ፣ ያኔ ጠይቄህ ነበር እኮ» አለ። «ልጅቱ የተወለደች ለት። በዘራችን እንዲህ ያለ ነበር ወይ ብዬ። የለም አልከኝ።»

«አልኩህ። ዘራችን እንዳይነወር ብዬ ነው። ያኔ አልማልኩ፤ ዛሬ ምዬ ስም ልዝለል?» ሽማግሌው ዐይናቸውን ጠረጉ። «እስከ ሰባት ልጨርስ ልጄ፣ ከዚያ ትረግመኛለህ።»

ጨረሱ። የትም አልገጠመም።

አለበል ወደ ወርቅአፈራሁ ዞረ። «ታዲያ ቲቸር፣ ይሄ ጆንያ የኔ ለመሆኗ ምስክር ነው?»

አዎ ማለት ትችል ነበር። ሁሉም ሰው እንድትል ይጠብቅ ነበር። «አይደለም» አለችው። «ጆንያ እንዲህ ያለ ነገር አይመሰክርም። ነጭ ሆና መወለዷ ግን ያንተ አይደለችም አያሰኝም፤ እስከዚያ ነው የማውቀው። ሌላውን የምታውቀው ዝናሽ ናት።»

ያን ጊዜ ዝናሽ ከግንቡ ተላቀቀች። «አንድ ቀን ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር» አለች። አልጮኸችም። «አጎትህን ጠየቅህ፣ ቄሱን ጠየቅህ። እኔን አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ ጋቢህን አነሣህ።»

አለበል ወደ እሷ ዞረ። «አሁን ብጠይቅሽስ?»

«አሁንማ ምን ትጠይቀኛለህ፤ ቆማ እያየችህ?»

አበቡ ግን አላየችውም። ባርኔጣ ያደረገ ጥቁር ነገር ከፀሐዩ ወደ ጥላው ሲመጣ ነው ያየችው። ሁለት እርምጃ ሲቀረው «ማነው?» አለች።

«ማዶ ያለው ሰውዬ ነኝ» አለ አለበል።

ልጅቱ አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ ዐይኗን አጥብባ፣ ከግንባሩ እስከ ጺሙ ፊቱን አንድ በአንድ አየችው። «እንዲህ ነው ለካ» አለች። አለበል ባርኔጣውን አወለቀና አናቷ ላይ ደፋላት፤ ሰፍቷት እስከ ቅንድቧ ወረደ። ወርቅአፈራሁ ከሰል በነካው እጇ ፊቷን ስለጠረገች ሴቶቹ እየሳቁ ውኃ አመጡላት።

አለበል የዚያኑ ቀን አልተመለሰም። ዝናሽ ቀላል ሰው አይደለችም፤ ሦስት እሁድ ደጅ አስጠንታዋለች። በአራተኛው ጋቢውን ይዞ ሸለቆውን ተሻገረ። አበቡም ክፍል ውስጥ ባርኔጣ ማድረግ ክልክል ነው ስትባል ርእሰ መምህሩ ድረስ ሄዳ የሐኪም ወረቀት አሳየች፤ አሁን የምታወልቀው ስትተኛ ብቻ ነው ይላሉ።

ሚኒባሱ ኮሶዬ ሲደርስ ጭጋጉ መንገዱ ላይ ወርዶ ነበር። ወርቅአፈራሁ አዲሱን ጆንያ ከቦርሳዋ ጋር አቅፋ ወረደች። በመስኮቱ «አሮጌው ጆንያስ ታዲያ የት ቀረ?» አልኳት።

«አለበል ዘንድ ነው» አለች ነጠላዋን እያጣፋች። «እስከ አራተኛ ክፍል ተምሯል፤ ፊደሉን ልጅቱ ታስታውሰዋለች። ይኸው ሁለት ሳምንት፣ አንዲት ቃል አልሞላ ብላዋለች አሉ። አበቡ ልንገርህ ስትለው ‹ተዪኝ፣ ራሴ አገኛታለሁ› ይላታል። ጆንያዬን መልሱልኝ ብዬ እንዴት ልጠይቅ? ይቆይበት።»